የእርሻ ቀን ሠራተኞችን ከሙቀትና ከፀረ ተባይ ኬሚካል ጉዳት መጠበቅ፦ የአሠሪው ግዴታና የሠራተኛው መብት

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዋጃ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው ሜዳ ማሽላና ጤፍ በስፋት ይመረታል፤ በመስኖም ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። ይህ ሥራ በአብዛኛው በሰው ጉልበት የሚከናወን በመሆኑ፣ የአየር ሙቀት መጨመርና የኬሚካል አጠቃቀም በቅድሚያ የሚጎዱት በማሳ ላይ የሚውለውን የቀን ሠራተኛ ነው።

ሙቀት

በተለይ ከደጋ የመጣ ሠራተኛ ሰውነቱ ቆላውን እስኪለምድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጅበታል። ስለሆነም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል ያለ ሥራ ሊሰጠው ይገባል። ከባድ ሥራ ማልዶ ተጀምሮ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ በጥላ ሥር ዕረፍት ቢደረግ ይመረጣል። ሠራተኛውም ጥም እስኪሰማው ሳይጠብቅ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ መጠጣት ይኖርበታል።

ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሥራ ለማቆም የሚያበቁ ምልክቶች ናቸው። የሠራተኛው ሰውነት እጅግ ግሎ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ራሱን ከሳተ፣ «ምች ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ወደ ጥላ ወስዶ በቀዝቃዛ ውኃ ማራስ፣ ማራገብና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ሕይወት ያድናል። ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ ነገር አይሰጥም።

ፀረ ተባይ ኬሚካል

የበረሃ አንበጣ መንጋ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በራያ ማሳዎች ላይ በወረደበት ወቅት እንደታየው፣ የተባይ ወረርሽኝ የኬሚካል ርጭትን ያበዛል። ርጭት የሚያከናውን ሠራተኛ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ረጅም ልብስና ለኬሚካሉ የሚስማማ የአፍና አፍንጫ መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ነፋስ ወደ ሰውነቱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ቆሞ መርጨት የለበትም። ባዶ የኬሚካል ዕቃ ቢታጠብም ለውኃ ወይም ለምግብ ማስቀመጫ አይውልም።

ወተት መጠጣት የኬሚካል መርዝ ማርከሻ አይደለም። ምራቅ መብዛት፣ ላብ፣ የዓይን ብዥታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ያጋጠመው ሰው ልብሱን አውልቆ ሰውነቱን በሳሙናና በውኃ ከታጠበ በኋላ፣ የኬሚካሉን መለያ ጽሑፍ ይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ቦታውን ደኅንነት የመጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና ስለ አጠቃቀሙ የማስገንዘብ ግዴታ ይጥልበታል። የመከላከያው ዋጋ ከሠራተኛው ደመወዝ አይቀነስም። ሠራተኛው በበኩሉ የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት።

በሥራ ምክንያት ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ የሕክምና ወጪው በአሠሪው ይሸፈናል። ከሥራ ቢለይም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ የማግኘት መብት አለው። የሥራ ውሉ በቃል ብቻ የተደረገ መሆኑ ይህን መብት አያስቀርም።

ከዚህም በላይ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ባጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 መሠረት፣ ከባድና ተቃራቢ አደጋ መኖሩን በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ዘወር ያለ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት እንዳይጎዳ ጥበቃ ይደረግለታል።

ጉዳት ሲደርስ

ተጎጂው በቅድሚያ ሕክምና ያገኛል፤ ጉዳቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑንም ለሐኪሙ ያስረዳል። የሕክምና ማስረጃውን፣ የሥራውን ቀንና ቦታ፣ የተስማማበትን ክፍያ እንዲሁም አብረውት የነበሩ ሠራተኞችን ስም መዝግቦ ይይዛል። አቤቱታውን በወረዳው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል። የዘገየ ጥያቄ በይርጋ ሊታገድ ስለሚችል፣ ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ሳይውል ሳያድር እንዲያመለክቱ ይመከራል።