የተሰበረ በረዶ ጠራጊ ማሽን፦ መጠገን ወይስ ባለበት መሸጥ?



የዛሬው ርእስ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ከኋላው እየተራመዱ የሚነዱት በረዶ ጠራጊ ማሽን ለእኛ አያስፈልገንም፤ ሚኔሶታ ለሚኖረው ወገናችን ግን የክረምት የቤት ዕቃ ነው። ክረምት ስል የእነርሱን፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቀውን ማለቴ ነው። በሚኒያፖሊስ ከተማ ደንብ መሠረት የአንድ ወይም የሁለት ቤተሰብ መኖሪያ ባለቤት በረዶው መውረዱን ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ በደጁ የሚያልፈውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ አለበት። ካልጠረገ ከተማው ያስጠርግና ሂሳቡን ይልክለታል። ማሽኑ በጥር ወር ሲሰበር እንግዲህ ባለቤቱ ለማሰላሰል ብዙ ጊዜ የለውም። ጥያቄው አንድ እግሩን በሜካኒክስ፣ ሌላውን በኢኮኖሚክስ ላይ ስለ ተከለ ለሁለታችሁም ይሆናል ብዬ መረጥሁት።

በረዶን በሞተር ኃይል አንሥቶ የሚወረውር ማሽን ከሠሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የካናዳው የኩቤክ ሰው አርተር ሲካር ነው። በ1925 የሠራው ማሽን በከባድ መኪና ላይ የተተከለ ነበር፤ በእግር የሚነዳው ዓይነት በየቤቱ የተስፋፋው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ባለሁለት ደረጃ የሚባለውን እንውሰድ። ከፊት የሚታየው ጠመዝማዛ የብረት ምላጭ በረዶውን እየፈጨ ወደ መካከል ይሰበስባል፤ ከኋላው ያለው ፈጣን ወርዋሪ ተሽከርካሪ ተቀብሎ በቱቦው ያስወጣዋል። ኃይሉ ከሞተሩ በቺንጋ ወደ ወርዋሪው ዘንግ ይመጣል፤ የዘንጉ ጫፍ ወደ ትንሽ የማርሽ ሳጥን ገብቶ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ የተሠራ ማርሽ ያዞራል፤ ማርሹም ምላጮቹን በዝግታ ያዞራል።

የማሽኑ ብልሃት ግን በሌላ ቦታ ነው። ምላጮቹን ከዘንጋቸው ጋር የሚያያይዛቸው ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ፒን ነው። ምላጩ ድንጋይ ወይም በበረዶ የተጋገረ ጋዜጣ ሲነክስ ፒኑ ይቆረጣል፤ ማርሹም ይተርፋል። ጥቂት ዶላር የሚያወጣው ነገር የሚሰበረው መቶዎችን የሚያወጣው እንዳይሰበር ነው። ፒኑ በተደጋጋሚ ሲቆረጥበት የተማረረ ሰው በምትኩ የጠነከረ ብሎን ያስገባል። ጠንካራው ብሎን ለጥቂት ጊዜ ያስደስታል። በሚቀጥለው ድንጋይ ግን ብሎኑ ሳይበገር የማርሹ ጥርስ ይረግፋል።

ስለዚህ ስለ ዋጋ ከማውራት በፊት የተሰበረውን መለየት ይገባል። ሞተሩ ይጥፋ፤ የካንዴላው ገመድ ይነቀል። ወርዋሪው እየዞረ ከሁለቱ ምላጮች አንዱ ብቻ ከቆመ የተቆረጠው ፒን ነው። ሁለቱም ቆመው ፒኖቹ ደኅና ከሆኑ የማርሽ ሳጥኑ ተጎድቷል። ወርዋሪውም ምላጮቹም አብረው ከቆሙ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቺንጋው ነው። ሞተሩ ቾኩ ሲሳብ ብቻ የሚሠራና ሲከፈት የሚጠፋ እንደሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በጋ ሙሉ በታንኩ የቆየው ቤንዚን ነው፤ ቤንዚኑ ሲተንን የሚተወው ሙጫ የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ይህ በቀላሉ የሚጠገን ጉዳት ሲሆን ብዙ ደኅና ማሽኖች "ሞተሩ ሞቷል" ተብለው በርካሽ የሚሸጡት በእርሱ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። በቱቦው የተወተፈን በረዶ በእጅ ማውጣት ጣት ያስቆርጣል፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ቢሆን። ቺንጋው እንደ ተወጠረ ሊቆይ ስለሚችል መወተፉ ሲለቀቅ ወርዋሪው በድንገት ይዞራል። ለዚህ ሥራ ዱላ አለ።

ወደ ስሌቱ እንምጣ። ማሽኑ ሲገዛ የወጣው ገንዘብ በውሳኔው ውስጥ ቦታ የለውም፤ ያ ሄዷል። የሚነጻጸረው በተጠገነውና ባልተጠገነው ማሽን ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከጥገናው ወጪ ጋር ነው። ለምሳሌ ያህል ሲሠራ 500 ዶላር፣ ባለበት 150 ዶላር ያወጣል እንበል። ልዩነቱ 350 ነው። ቺንጋና ካርቡሬተር ከነጉልበቱ 200 ከጠየቀ መጠገን ያዋጣል፤ የማርሽ ሳጥን 400 ከጠየቀ ባለበት መሸጥ ይሻላል።

ይህ ግን ለሚሸጥ ሰው ነው። በማሽኑ ሊጠቀምበት ለሚፈልግ ሌላ ነገር ይጨመራል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ያሳየውን እዚህ እናገኘዋለን፦ ጉድለቱን ሻጩ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ገዢው ለሁሉም የመካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ደኅና ዕቃ ያለውም በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል። የተሰበረ ማሽኑን ሸጦ ያገለገለ ሌላ የሚገዛ ሰው የሚያውቀውን ጉድለት በማያውቀው መለወጡ ነው። በእኔ አመለካከት ስሌቱ እኩል ሲሆን ሚዛኑን ወደ ጥገና የሚያደፋው ይኸው ነው።

መሸጥ ለቆረጠስ? ከአከርሎፍ ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማትን የተጋራው ማይክል ስፔንስ እንዳስተማረው፣ የሚታመን ምልክት መጥፎ ዕቃ ያለው ሻጭ በቀላሉ ሊያስመስለው የማይችል መሆን አለበት። "ንጹሕ ነው" ማለት ምልክት አይደለም፤ ማንም ይለዋል። ገዢው ሳይመጣ ሞተሩን አሙቆ አለመጠበቅ፣ ይልቁንም ሞተሩን በእጁ ዳስሶ ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ፊቱ ማስነሣት ግን ምልክት ነው። ለማይሠራ ማሽን ደግሞ ምልክቱ ጉዳቱን ለይቶ መጻፍ ነው፤ "የቀኝ ፒን ተቆርጧል" የሚል ማስታወቂያ "አይሠራም" ከሚለው የተሻለ ዋጋ ሊያስገኝ ይችላል፤ ገዢው የሚፈራው የማያውቀውን ነውና። "ባለበት ሁኔታ" የሚለው ሐረግም የሚያውቁትን ጉዳት በውሸት ለመሸፈን መከለያ አይሆንም። በተለይ በፒኑ ቦታ ጠንካራ ብሎን የገባበት ማሽን ለዓይን ደኅና ይመስላል። ሻጩ ብሎኑን አውጥቶ ትክክለኛውን ፒን ይመልስ፤ በብሎን ሲሠራ እንደ ነበረም ለገዢው ይንገር፤ ሁለት ትርፍ ፒኖችንም በከረጢት አድርጎ እጀታው ላይ ይሰርለት።