ትእዛዝና ምላሹ፦ ኮምፒውተርና የባርኮድ ዲኮደር

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ከተማ ከአንድ መድኃኒት ቤት የገባ ሰው የመድኃኒቱን ፓኬት ቢያገላብጥ፣ ወፍራምና ቀጭን እየሆኑ የተሰለፉ ጥቋቁር መስመሮች ያገኛል፤ እነዚህም ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በትሮይ ከተማ፣ ዛሬ በምናውቀው ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ የማስቲካ ፓኬት ላይ በሱቅ ከተነበቡ ወዲህ ዓለምን ያዳረሱት ባርኮዶች ናቸው። ብርሃን የሚፈነጥቀውን ስካነር ሁሉም ያውቀዋል፤ ከመስመሮቹ ተንጸባርቆ የተመለሰውን ብርሃን እየመረመረ፣ የመስመሮቹን ስፋት እየለካ ወደ አኃዝና ወደ ፊደል የሚተረጉመውን ዲኮደር ግን የሚያስተውለው ጥቂት ነው።

ይህ ተርጓሚ ያነበበውን ማቀበል ብቻ ሳይሆን፣ ከኮምፒውተሩ በሽቦ የሚመጣለትን ትእዛዝ ይቀበላል፤ ትእዛዙም ቢት በቢት እየተከታተለ ይደርሰዋል። ሲምቦል ቴክኖሎጂስ የተባለው ድርጅት በደነገገው በኤስ.ኤስ.አይ. ሥርዓት «ማንበብ ጀምር» የሚለው ቃል 6 ባይት ብቻ ነው፤ እነርሱም 4፣ 228፣ 4፣ 0፣ 255 እና 20 ናቸው። የመጀመሪያው 4 ከመጨረሻዎቹ ሁለት በቀር የመልእክቱን ርዝመት ይናገራል፤ 228 ትእዛዙ ራሱ ነው፤ ቀጥሎ ያለው 4 ላኪው ኮምፒውተር መሆኑን፣ 0 ደግሞ መልእክቱ ሲላክ የመጀመሪያው መሆኑን ያስረዳል። ሁለቱ የመጨረሻ ባይቶች በአንድነት ሲነበቡ 65,300 ይሆናሉ፤ ይህም ከቀደሙት አራቱ ድምር ከ236 ጋር ተደምሮ 65,536 ካልሞላ፣ ዲኮደሩ መልእክቱ በመንገድ መበላሸቱን ያውቃል።

በአንድ አኃዝ ይህን ያህል ሥራ እንዴት ይታዘዛል ቢሉ፣ በጋይንት ቤተልሔም ድጓ ያስመሰከረ መሪጌታ መልሱን አያጣውም፤ ከቃሉ ራስ ላይ የተጻፉ ጥቃቅን ፊደላት ሙሉ ዜማ የሚያስነሡት፣ ጻፊውም የሚያዜመውም አንድ ሥርዓት ስለ ተማሩ ነውና።

የሥርዓቱ ትልቁ ፍሬ ነገር ግን ምላሹ ነው። ዲኮደሩ ትእዛዙን ሲቀበል 208፣ ሳይቀበል ሲቀር 209 ብሎ ይመልሳል፤ ሳይቀበል ሲቀርም ምክንያቱን ያክላል፤ 1 ካለ ድምሩ አልገጠመምና ይደገምልኝ፣ 2 ካለ ይህን ትእዛዝ አላውቀውም፣ 6 ካለ ተረድቼዋለሁ ነገር ግን አልተፈቀደልኝም ማለቱ ነው። ለምሳሌ ስካነሩ በኮምፒውተር ትእዛዝ እንዲነሣ አስቀድሞ ካልተሰናዳ፣ «ማንበብ ጀምር» ሲባል በ6 ይከለክላል፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያ ደኅናውን ሽቦ ሲፈታና ሲቀጥል ይውላል።

እንግዲህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች፣ ነገ ለመድኃኒት መጋዘን ፕሮግራም ቢጽፉ፣ ትእዛዝ መላክን ብቻ ሳይሆን ምላሹን መጠበቅንና መመርመርን ጭምር ሊለምዱ ይገባቸዋል፤ ያልተነበበው እንደ ተነበበ ተቆጥሮ የተመዘገበ እንደሆነ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከበሽተኛው እጅ ሊደርስ ይችላልና።