የሸሪዓ ፍርድ ቤትና የባለጉዳይ ፈቃድ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ቃሊቲ፣ ለፋብሪካና ለንግድ ሥራ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ተጎራብቶ ይኖራል። እዚያ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ቤትና ሱቅ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቢካፈሉ ድርሻቸው እኩል ነው፤ በሸሪዓ ቢሆን የሴቲቱ ድርሻ የወንድሟ እኩሌታ ይሆናል። ወንድሟ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ክስ መሥርቶ መጥሪያ ቢልክላት ሕጉ ምን ይላታል? ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

የቀዲዎች ዳኝነት በ1936 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የታወቀ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ግን በቁጥር 3347 የቀድሞው ደንብና ልማድ ተሻረ። ለሙስሊሞች ታስቦ የነበረው ልዩ ክፍልም በሕጉ ሳይገባ ቀረ። በወረቀት ሕጉ ለሁሉ አንድ ሆነ፤ ቀዲዎቹ ግን ሥራቸውን አላቋረጡም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ይህን ልዩነት ለማስታረቅ ሞከረ። አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ሲል፣ አንቀጽ 34 ንኡስ ቁጥር 5 ደግሞ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይገልጻል። እንግዲህ እኩልነትንና የሃይማኖትን መብት ያገናኘው ድልድይ ፈቃድ የሚለው አንድ ቃል ነው። ልብ ይሏል፤ የሚጠየቀው የማኅበረ ሰቡ ፈቃድ ሳይሆን የባለጉዳዩ ነው። በሕንድ አገር ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ በውርስና በጋብቻ ረገድ ሰውየውን የሚገዛው ሕግ በአብዛኛው በሃይማኖቱ ይወሰናል።

ችግሩ ያለው ፈቃዱ በሚታወቅበት መንገድ ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ ሲያደራጅ፣ ግልጽ ስምምነት ከሌለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት እንዲተላለፍ አዘዘ። ነገር ግን መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደ ፈቀደ እንዲቆጠርም ደነገገ። ዝምታ ፈቃድ ሆነ ማለት ነው። ቀርቦ የተቃወመ ሰው እንኳ ሁልጊዜ አልተሰማም። አንዲት ሴት በውርስ ክርክር የሸሪዓ ፍርድ ቤቱን ሥልጣን ብትቃወም ተቃውሞዋ ውድቅ ሆኖ፣ ጉዳዩ እስከ ሰበር ደርሶ በዚያው ጸና። ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ የተሻረው በ1996 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ይቅር አንልም። በኒካህ የተጋባች ሴት መህሯን ለማስከፈል ቀዲ ዘንድ ብትሄድ ነገሯ በቀላሉ ይገባቸዋል፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን የቃሊቲዋ ልጅ ወንድሟን ላለማስቀየም ቤቷ ብትቀመጥ፣ የመቅረቷ ትርጉም ቤተ ዘመድን ማክበር እንጂ እኩሌታውን መቀበል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ መጥሪያው ራሱ፣ የመቃወም መብት እንዳላትና ብትቀር ምን እንደሚከተል፣ በምታውቀው ቋንቋ ሊነግራት ይገባ ነበር እንላለን። ማንበብ የማትችል ከሆነም መጥሪያውን የሚያደርሰው ሰው በቃል ያስረዳት።