የአብራሪዎች የራዲዮ አነጋገር ደንብና ለነጋዴው ያለው ቁም ነገር

ከአዳማ ወደ ሻሸመኔ ስልክ ደውሎ ሽንኩርት የሚያዝ ነጋዴ «ሠላሳ» ያለው «ስልሳ» ተብሎ እንዳይሰማበት «ሠላሳ፤ ሦስት ዐሥር» ብሎ መድገሙ የቆየ ልማድ ነው። የአማርኛ ቍጥር በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት ይበዙበታል፤ ሦስት፥ ስድስት፥ ሰባት፥ ስምንት፤ ወደ ዐሥርቱም ቤት ሲወጣ ሠላሳ፥ ስልሳ፥ ሰባ፥ ሰማንያ። የስልኩ መሥመር ሲንኰሻኰሽ ወይም በመናኸሪያው በር ጥሩምባ ሲነፋ ጆሮ የሚይዘው መጀመሪያውን ድምፅ ብቻ ይሆናል። በዚህ የሚመጣው ኪሳራ የጥቂት ኩንታል ዋጋና አንድ ቀን የሚቆይ ጭቅጭቅ ነው። ይኸው ስሕተት በአየር ላይ ሲደርስ ግን የሚከፈለው በገንዘብ አይደለም።

የካቲት 12 ቀን 1981 ዓ.ም. ፍላይንግ ታይገር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንድ ቦይንግ 747 የዕቃ ማመላለሻ አይሮፕላን ጭነት ይዞ ከሲንጋፖር ወደ ኳላ ሉምፑር ይበር ነበር። ተቆጣጣሪው ወደ 2,400 ጫማ ዝቅ እንዲል ሲያዘው «ዲሴንድ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» አለ። በእንግሊዝኛ «ቱ» ማለት ሁለት ነው፤ ደግሞም «ወደ» ማለት ነው። አብራሪው «ወደ 400 ውረድ» እንደ ተባለ ሰማ፤ «ኦኬ፥ ፎር ዜሮ ዜሮ» ሲልም መለሰ። ተቆጣጣሪው መልሱን ሰምቶ አላረመውም። አይሮፕላኑ ከባሕር ጠለል በላይ 437 ጫማ ላይ ካለ ኮረብታ ጋር ተጋጨ፤ አራቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ፤ ጭነቱም ጠፋ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ዋናው ነጥብ አብራሪው የሰማውን ደግሞ መናገሩን አለመዘንጋቱ ነው። ደንቡ የሚያዘውን ግማሹን ፈጽሟል። የጐደለው ሌላው ግማሽ፥ ማለት የተናገረው ሰው የተደገመለትን ቃል በጥንቃቄ አዳምጦ ማረሙ ነው። በዛሬው ደንብ ይኸው ትእዛዝ ሲሰጥ «አልቲትዩድ» የሚል ቃል ከቍጥሩ በፊት ይገባል፤ ቍጥሩም በሺህና በመቶ ተከፍሎ «ቱ ታውዘንድ ፎር ሀንድረድ» ይባላል እንጂ በነጠላ አኃዝ አይዘረዘርም። የሚነሡበት ወይም የሚያርፉበት ማኮብኮቢያ ቍጥር፥ የከፍታ፥ የአቅጣጫና የፍጥነት ትእዛዝ፥ የከፍታ መለኪያውም ማስተካከያ አኃዝ ሁሉ በአብራሪው መደገም አለባቸው። በቦሌ ሁለት ማኮብኮቢያዎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ 07 የሚል ቍጥር ይዘው የሚለዩት «ግራ» እና «ቀኝ» በሚል ቃል ብቻ ነው። አብራሪው «ዜሮ ሰቨን ራይት» ብሎ ካልደገመ፥ የትኛውን እንደ ሰማ ማማው የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም።

ይህ ሥርዐት ከአንድ አገር የወጣ አይደለም። በ1937 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው ስምምነት መሠረት የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያወጣው ነው፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1939 ዓ.ም. አጽድቃለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አድርጎ ነበር። በዚያው ዘመን በቢሾፍቱ የአየር ኃይል ትምህርት ቤት ሲቋቋም ሥራውን የመሩት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ነበሩ። ስዊድናዊ አስተማሪና ኢትዮጵያዊ ተማሪ በአንድ አይሮፕላን ተቀምጠው በእናት ቋንቋቸው ሊግባቡ አይችሉም ነበርና፥ ጥቂትና ቍርጥ ያሉ ቃላትን ማጥናት በስምጥ ሸለቆው ሰማይ ሥር ከጥንቱም የተለመደ ነው ለማለት ይቻላል።

የቃላቱን ጠባይ ጥቂት መመልከት ይገባል። «ሮጀር» ማለት መልእክትህን ሙሉ በሙሉ ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ እሺ እፈጽማለሁ ማለት አይደለም፤ ለዚህኛው «ዊልኮ» የሚል ሌላ ቃል አለ። በንግድ ቤት «እሺ» የሚለው ቃል ሰማሁ፥ ተስማማሁ፥ አደርጋለሁ፥ አንዳንድ ጊዜም ተወኝ ማለት እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው የልዩነቱ ጥቅም ግልጽ ነው። አዎን ለማለት «አፈርም» ይባላል እንጂ «አፈርማቲቭ» አይባልም፤ ምክንያቱም አይደለም የሚለው «ኔጋቲቭ» ስለሆነ የቃሉ መጀመሪያ በጩኸት ቢዋጥ ሁለቱም በ«ቲቭ» ያልቁና አዎንታው ከአሉታው ሳይለይ ይቀራል። ዘጠኝ ቍጥር «ናይነር» መባሉም ከአምስቱ «ፋይቭ» እንዲርቅ ነው።

ፊደል በፊደል መጥራትን በተመለከተ የካቲት 22 ቀን 1948 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ዝርዝር እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ አልፋ፥ ብራቮ፥ ቻርሊ፥ ዴልታ እያለ እስከ ዙሉ ይሄዳል። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በየኔታ እግር ሥር የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ፥ ንጉሡ ሠ፥ እሳቱ ሰ፥ ጸሎቱ ጸ፥ ፀሐዩ ፀ እያለ ተምሯል። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት እንዳይደባለቁ ለእያንዳንዱ የታወቀ ቃል መስጠት በአገራችን ራዲዮ ከመፈልሰፉ ከብዙ ዘመን በፊት የነበረ ጥበብ ነው። የፈረንጁም ዝርዝር የእኛም ዝርዝር ለ«አ» ድምፅ የሰጡት ቃል «አልፋ» መሆኑ ደግሞ ደስ የሚያሰኝ ግጥጥሞሽ ነው።

የዝርዝሩ ብልኀት የሚታየው አነጋገሩ በተበላሸበት ጊዜ ነው። በጥንቱ የግዕዝ ድምፅ ውስጥ «ቨ» አልነበረም፤ በኦሮምኛም ከውጭ በመጡ ቃላት ካልሆነ አይገኝም። ስለዚህ ከአዳማ ወይም ከባቱ የሄደ ተማሪ በመጀመሪያው ወር «ቪክተር» የሚለውን «ቢክተር» ቢለው አያስደንቅም። ሆኖም ሰሚው ቃሉን ከ«ብራቮ» ጋር አያደባልቀውም፤ ፊደሉ ቢሳሳት እንኳ ቃሉ በሞላው የተለየ ነውና። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ልዩ ልዩ ቋንቋ በሚናገሩ ሰዎች ጆሮና አንደበት መፈተኑ ለዚህ ጠቅሟል።

ወደ ሲሙሌተር፥ ማለት ወደ በረራ ማስመሰያው እንለፍ። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በካናሪ ደሴቶች በቴኔሪፍ ጉም በሸፈነው ማኮብኮቢያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የሆላንዱ አይሮፕላን ረዳት አብራሪ በደንቡ ውስጥ በሌለ አነጋገር «አሁን በመነሣት ላይ ነን» የሚል ትርጕም ያለው ቃል ተናገረ። ተቆጣጣሪው ለመነሣት ተዘጋጅተው መቆማቸው መስሎት «ኦኬ» አለ፤ ቀጥሎም ቆዩ፥ እጠራችኋለሁ አለ። በዚያችው ቅጽበት የአሜሪካው አይሮፕላን ገና ከማኮብኮቢያው አለመውጣቱን ተናገረ። በአንድ ሞገድ ሁለት ሰው ሲናገር ራዲዮው ፉጨት ይሆናልና የሁለቱም ቃል በደንብ አልተሰማም። ከዚያ በኋላ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር እንዳይነገር ተደነገገ፤ በሌላው ጊዜ «ዲፓርቸር» ይባላል።

የስፔን መርማሪዎች በሪፖርታቸው ከጠቀሱት ነገር አንዱ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የሆላንዱ ዋና አብራሪ ለብዙ ዓመታት በማስመሰያው ውስጥ ሌሎችን ሲያሠለጥን የኖረ ነበር። በማስመሰያው የመነሻ ፈቃድ የሚሰጠው አሠልጣኙ ራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ፈቃድ ሳይጠየቅ ይነሣል። ፈቃድ ሰጪ ሆኖ የኖረ ሰው ፈቃድ ጠባቂ መሆኑን በችኰላ ሰዓት ቢረሳ ነገሩ አሳዛኝ እንጂ የማይገባ አይደለም። ከዚህ የተነሣ ማስመሰያ የሚያስተምረው በውስጡ የተጨመረበትን ያህል ብቻ መሆኑ ታወቀ፤ የማማው ድምፅ ከሌለበት እጅ ይሠለጥናል፥ ጆሮ ግን ይቀራል።

ይህ ጉዳይ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሩቅ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 302 በቢሾፍቱ አቅራቢያ በጊምቢቹ ወረዳ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል። የአደጋ ምርመራ ቢሮው መጋቢት 26 ቀን ያወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የራዲዮውን ንግግር በየሰከንዱ ያስረዳል። አይሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ረዳት አብራሪው ራዳሩን ጠርቶ «ሻላ 2 አልፋ» በተባለው የመነሻ መሥመር 8,400 ጫማን አልፈው ወደ 32,000 እየወጡ መሆናቸውን ተናገረ። መሥመሩ ከሐይቃችን ከሻላ ጋር አንድ ስም ያለው ነው። ጥቂት ቆይቶ የበረራ መቆጣጠሪያ ችግር እንዳጋጠማቸው ገለጸ፤ ለመመለስም አቅጣጫ ጠየቀ፤ ተቆጣጣሪው ፈቅዶ ወደ 260 ዲግሪ እንዲዞሩ አዘዘ፤ ረዳቱም ተቀበለ። ጥፋቱ ከቃል አልመጣም። በአንድ የተበላሸ የአንግል መለኪያ ተመርቶ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች የሚጫን ሥርዐት በአይሮፕላኑ ላይ ነበረ። ሁለቱ ወጣቶች፥ አንዱ ዋና አብራሪ አንዱ ረዳት፥ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል የሚናገሩት ቃል በተራው ይወጣ እንደ ነበር መዝገቡ ይመሰክራል። ቦይንግም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የዚህ ዓይነት አይሮፕላን ማስመሰያዎች አንዳንዱን የበረራ ሁኔታ በትክክል ማሳየት አይችሉም እንደ ነበር ገልጾ ማስተካከያ ማድረጉን አስታወቀ። ማስመሰያ ያልተጨመረበትን አያስተምርም የተባለው ነገር እንደገና ታየ።

ቃሉ ራሱ ያጠፋበት ሁኔታ ደግሞ ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አጠገብ የወደቀው የኮሎምቢያው አቪያንካ በረራ ቍጥር 52 ነው። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ለተቆጣጣሪዎቹ ነግረዋል፤ ነገር ግን «ሜይዴይ» ወይም «ኢመርጀንሲ» የሚለውን ቃል አልተናገሩም። ለአድማጩ ነዳጅ ማለቁ የብዙ አይሮፕላን አቤቱታ ነው፤ ቅድሚያ የሚያስገኘው የታወቀው ቃል ብቻ ነው። 73 ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ያለው አደጋ ተደጋግሞ ስለ ታየ ከየካቲት 26 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ መሥመር የሚሠሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ከስድስቱ የእንግሊዝኛ ችሎታ ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን እንዲያገኙ ተወሰነ። ደንበኛው ቃል በማይበቃበት ሰዓት ችግሩን በቀላል እንግሊዝኛ ማስረዳት እንዲችሉ ነው።

አሁን በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ አዲስ ዓለም አቀፍ የአይሮፕላን ማረፊያ እየተሠራ ነው፤ ግንባታው በጥር ወር 2018 ዓ.ም. ተጀምሯል። ሥፍራው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ስለሆነ አይሮፕላን ከዚያ ሲነሣ ከቦሌ ይልቅ ከባድ ጭነት ለመያዝ ይችላል። ከባቱ ጽጌረዳ ለሚልክ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለአዳማ፥ ለሞጆና ለቢሾፍቱ ወጣቶች ደግሞ የማማ፥ የመሬት አገልግሎትና የጭነት ሥራ በደጃቸው ይመጣል ማለት ነው፤ ሥራው ሁሉ ግን ቍርጥ ያለ የራዲዮ አነጋገር ይጠይቃል። በኰምፒዩተር በሚደረገው የበረራ ጨዋታ ውስጥ ቫትሲምና አይቫኦ የተባሉ የፈቃደኞች ማኅበሮች አሉ፤ አንዱ አብራሪ ሌላው ተቆጣጣሪ ሆኖ በእውነተኛው ደንብ ይነጋገራሉ። ቦሌም በዚያ «ሆቴል አልፋ አልፋ ብራቮ» ተብሎ ይጠራል። በጨዋታው የተሳሳተ ሰው አይሞትም፤ ነገር ግን ምላሱን ያለ ወጪ ያፍታታል፤ ከቤቱ ሳይወጣም ሌላ አገር ያለ ሰው በምን ዓይነት እንግሊዝኛ እንደሚናገር ጆሮውን ያስለምዳል። የምስክር ወረቀት አያስገኝም፤ ለፈተና የሚቀርበውን ልጅ ግን ከፍርሃት ያወጣዋል።

ላኪዎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ የሰዓት ነገርም አለ። አቪዬሽን በመላው ዓለም የሚሠራው «ዙሉ» በሚባለው በአንድ ሰዓት ነው። በራዲዮው መዝገብ 05፡38 የሚለው፥ በፈረንጅ ሰዓት አቈጣጠር በአዲስ አበባ 8፡38 ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ደግሞ ከጠዋቱ 2፡38 ነው። ስለዚህ ከዙሉው ሦስት ሰዓት ሲቀነስ የሀገራችን ሰዓት ይገኛል። ወደ ሊዬዥ የሚሄድ የአበባ ጭነት የሚነሣው 20፡00 ዙሉ ነው ቢባል ለባቱው ሾፌር የሚነገረው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ነው። ሾፌሩም ሰዓቱን ደግሞ ይናገር፤ የነገረውም ሰው እስኪጨርስ ስልኩን አይዝጋ።