ሰሙ የማይቀልጥ ቅኔ፦ የኡርዱ ገጣሚያንና የሰባኪው ፌዝ

በአማርኛ «ሰምና ወርቅ» ሲባል ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ቃል፣ ወርቁ ደግሞ ሰሙ ሲቀልጥ የሚገኘው ምሥጢር እንደሆነ ይታወቃል። በሕንድና በፓኪስታን በሚነገረው በኡርዱ ቋንቋም ከዚህ የሚቀራረብ ጥበብ አለ። ይኸውም በተለይ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ያበበው «ጋዛል» የተባለው ግጥም ነው።

ጋዛል ሁለት ሁለት ስንኝ እየሆነ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ጥንድ ራሱን የቻለ ሐሳብ አለው። ሰዎቹም የታወቁ ናቸው፤ አንዱ መጠጥ ቤት የሚውል አፍቃሪ፣ ሌላው እርሱን የሚኮንን ሼህ ወይም ሰባኪ ነው። ብዙ ጊዜ መሳቂያ የሚሆነው ሰባኪው ነው፤ በአደባባይ የሚያወግዘውን መጠጥ በጓዳ ይቀምሳል፣ ጸሎቱንም በገነት ዋጋ ይሸጣል ተብሎ ይቀለድበታል።

እስልምና አስካሪ መጠጥን ስለሚከለክል እንግዳ አንባቢ ገጣሚውን ከሃዲ ሊለው ይችላል። ሌላው ደግሞ በሱፊዎች ዘንድ ወይን የአምላክ ፍቅር ምሳሌ ስለሆነ «መጠጡ መጠጥ አይደለም» ይላል። ሁለቱም የያዙት ግማሹን ነው።

ቋንቋው ራሱ ለዚህ ያመቻል። በኡርዱ «እርሱ» እና «እርሷ» በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ ተፈቃሪውም ብዙውን ጊዜ በወንድ አንቀጽ ስለሚነገር ሴት ትሁን፣ ንጉሥ ይሁን፣ ወይስ ፈጣሪ፣ መለየት ያስቸግራል። በድሮው አጻጻፍ የጥያቄ ምልክት ስላልነበረ አንድ ስንኝ ጥያቄም አድናቆትም ሊሆን ይችላል። «ሙሻይራ» በሚባለው የገጣሚያን ጉባኤ ላይም ገጣሚው የመጀመሪያውን ስንኝ እየደጋገመ አድማጩን ያስጠብቃል፤ ሁለተኛው ሲመጣ የተጠበቀው ትርጉም ይገለበጣል።

በ1797 እ.ኤ.አ. በአግራ ተወልዶ በ1869 በዴልሂ ያረፈው ሚርዛ ጋሊብ በዚህ ስመ ጥር ነው። ደቀ መዝሙሩ ሀሊ በ1897 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ከ1857ቱ ዓመፅ በኋላ አንድ እንግሊዛዊ ኮሎኔል ሙስሊም መሆኑን ጠየቀው። ጋሊብም ግማሽ ሙስሊም መሆኑን ነገረው፤ ወይን ይጠጣል፣ የአሳማ ሥጋ ግን አይበላም። በዚያን ወቅት በዴልሂ ሙስሊም መሆን ብቻውን ያስጠረጥር ነበር። ስለዚህ ቀልዱ ኑዛዜም፣ መከላከያም፣ ሰውን በሃይማኖቱ በሚመዝን ዳኛ ላይ የተሰነዘረ ፌዝም ነበር። የትኛው ነው «እውነተኛው» ብሎ መምረጥ አይቻልም።

እንግዲህ ጋዛል ሲነበብ ሦስት ነገር ማስተዋል ይጠቅማል። አንደኛ፣ ተናጋሪው ጠጪው እንጂ የግድ ገጣሚው አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚነቀፈው አብዛኛውን ጊዜ ጸሎት ሳይሆን ግብዝነት ነው፤ አንዳንዴ ግን ፌዙ አልፎ የገነትን ተስፋ ራሱን ይነካል፣ ይህንንም መሸፈን አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ በእኛ ሰምና ወርቅ ወርቁ ሲገኝ ሰሙ ሥራውን ጨርሷል፤ በጋዛል ግን ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን የሚጥል ተርጓሚ ወይ ሃይማኖቱን ወይ ሳቁን ያጠፋዋል።