ምጡ ሲረዝም

የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ምጥ ሲይዛት ቤተሰቡ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ይዟታል» ይባላል በስልክ፤ የሰማው ሁሉ «ማርያም ትቅረባት» ይላል። ሰዓቱ በጨመረ ቁጥር ፍርሃቱም ይጨምራል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ምጥ ጠንቶባት ስለቀረች ሴት ያልሰማ ሰው በአገራችን የለም ማለት ይቻላል።

ይሁንና የሰዓቱ ብዛት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሃያ ሰዓት ያማጠች ሴት እሷም ልጇም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስድስት ሰዓት ያማጠች ደግሞ አስቸኳይ እርዳታ ልትፈልግ ትችላለች። ስለዚህ ደጅ የሚጠብቅ ዘመድ አዋላጇን «ሲስተር፣ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?» ከማለት ይልቅ «ምጡ እየገፋ ነው ወይ? እሷና ልጁስ እንዴት ናቸው?» ቢል የሚጠቅም መልስ ያገኛል። ቀድሞ የታሰበው ሁሉ፣ «በጤና ጣቢያ እወልዳለሁ፣ ያለ ኦፕራሲዮን፣ እናቴ ከጎኔ ሆና» የተባለው ሁሉ የሚጸናውም የሚለወጠውም በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱ ከየት ይቆጠር? ምጥ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ማህፀን እየተኮማተረ የማህፀን በርን ያለሰልሳል፣ ያሳጥራል፣ ቀስ በቀስም ይከፍታል። የዚህ ምዕራፍ መጀመሪያ ክፍል በተለይ ለመጀመሪያ ልጅ ረጅም ነው። ሕመሙ እየመጣ ይሄዳል፣ ሌሊት ይበረታና ጠዋት ይላላል፤ አንዳንዷን ከአንድ ቀን በላይ ሊያቆያት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ክፍል መደበኛ የሚባል የጊዜ ልክ እንደሌለው፣ ከሴት ሴትም በጣም እንደሚለያይ ገልጿል። ጠንካራው ምጥ የሚባለው የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው። ከዚያ እስከ ሙሉ መከፈት፣ ማለትም እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ለመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት፣ ለሁለተኛና ከዚያ በላይ ደግሞ ከ10 ሰዓት አያልፍም። ጤና ጣቢያ ደርሳ «ገና ነሽ፣ ሁለት ሴንቲ ነው» የተባለች ሴት ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ እንደተሰቃየች ይሰማታል። በከንቱ አልነበረም፤ ያ ሌሊት የራሱን ሥራ ሠርቷል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጋት ዕረፍት፣ ውሃ፣ ቀለል ያለ ምግብና የሚያረጋጋት ሰው ነው። ሌላ ችግር የሌለባት ሴት በምጥ ላይ ሳለች ብትበላና ብትጠጣ መመሪያው ይደግፋል።

የሰዓት ሥጋቱ በሐኪሞችም ዘንድ ታሪክ አለው። ኢማኑኤል ፍሪድማን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1955 የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ 500 ሴቶችን የምጥ ሂደት በመስመር ስለው አሳተሙ። ከዚያ በኋላ «በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር» የሚለው ልክ በብዙ ማዋለጃ ክፍሎች እንደ ሕግ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች በያኔዋ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ የምጡ ሂደት በሚሳልበት ሰንጠረዥ ላይ የማስጠንቀቂያና የእርምጃ መስመሮችን ጨመሩበት። ዓላማቸው መልካም ነበር፤ ከሆስፒታል ርቃ የምትሠራ አዋላጅ እናትየዋን መቼ ወደ ላይ መላክ እንዳለባት እንድታውቅ ነው። ፓርቶግራፍ የሚባለው ይህ ወረቀት በእኛም ጤና ጣቢያዎች የታወቀ ነው፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል ብዬ አምናለሁ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ብዙ ጤነኛ ሴቶች ከዚያ ልክ ቀርፈፍ ብለው በሰላም እንደሚወልዱ አሳዩ። የ2018ቱ መመሪያ በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር አለመክፈት ብቻውን ጣልቃ ለመግባት ምክንያት እንዳይሆን ያሳስባል።

ይህ ማለት ምጥ እንደፈለገው ይርዘም ማለት አይደለም። የሚዘገይበት ምክንያት አለውና ምክንያቱ መፈለግ አለበት። አንዳንዴ ማህፀን በበቂ ኃይል አይኮማተርም፤ እናትየዋ ደክማ፣ ውሃ ጠምቷት፣ ፊኛዋ ሞልቶ ወይም ፈርታ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ አቀማመጡ ነው። ሕፃኑ በጭንቅላቱ እየመጣ ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ በማዞር ፈንታ ወደ ሆዷ ካዞረ ምጡ ይረዝማል፣ ወገቧንም አጥብቆ ያማታል። ብዙዎቹ ሕፃናት በምጡ መሀል ራሳቸው ይዞራሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭንቅላቱና የዳሌ አጥንቱ አይመጣጠኑም፤ በልጅነቷ በምግብ እጥረት የተጎዳች ወይም ሰውነቷ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት።

ጥሩ አዋላጅ መድኃኒት ከመያዟ በፊት የምትሠራው ብዙ ነው። ታስነሳታለች፣ ታራምዳታለች፣ ሽንቷን እንድትሸና ታደርጋለች፣ በጎን ታስተኛታለች፣ ወገቧን ታሻለች። በመጀመሪያው ምዕራፍ መንቀሳቀስና ቀና ብሎ መቆየት በጀርባ ከመተኛት ይልቅ ምጡን እንደሚያሳጥር በጥናት ታይቷል። ከጎን ሳይለይ የሚያበረታታ ሰው መኖሩ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች የመረመረ ሥራ፣ እንዲህ ዓይነት አጋዥ ያላቸው ሴቶች ምጣቸው እንደሚያጥርና በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። እናቷን ወይም እህቷን ከደጅ አስቀርቶ ምጥ ላይ ያለችን ሴት ብቻዋን ማስተኛት ሕክምናዊ ምክንያት የሌለው ልማድ ነው፤ መቅረት አለበት።

የልጁ ደህንነት የሚታወቀው በልብ ምቱ ነው። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 የሚመታ ልብ ደህና ነው የሚባለው፤ ጠንካራው ምጥ ከያዘ በኋላ ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ስትገፋ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው መደመጥ አለበት። የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰም ቀለሙ ይታያል፤ አረንጓዴ ከሆነ ሕፃኑ ማህፀን ውስጥ ሳለ ሰገራ አውጥቷል ማለት ነውና ክትትሉ ይጠብቃል። የእናትየዋ ሙቀት፣ የደም ግፊትና የልብ ምትም በተራ ይለካሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምጡ ካልገፋ ከእቅዱ የሚወጡት ነገሮች ይመጣሉ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው፣ ሳይፈስ የቆየውን ውሃ መክፈትና ምጥ የሚያበረታውን ኦክሲቶሲን በደም ሥር በጠብታ መስጠት ነው። ኦክሲቶሲን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው፤ ከውጭ ሲሰጥ ግን እየለኩ፣ የልጁን ልብ እያዳመጡ እንጂ በግምት አይሆንም። ከልክ ካለፈ ማህፀን ሳያርፍ ይኮማተርና ልጁ አየር ያጥረዋል፤ ቀድሞ በኦፕራሲዮን በወለደች ሴት ላይ ደግሞ ጠባሳው ሊቀደድ ይችላል። በቤት ወይም በሰፈር ክሊኒክ «ምጥ ማፋጠኛ» መርፌ መወጋት እጅግ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው።

የማህፀን በር ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት «ግፊ! አምጪ!» እያሉ መጮህ አቅሟን ያስጨርሳታል እንጂ ልጁን አያፈጥነውም። ሆዷን ከላይ በክንድ መጫንም አይመከርም፤ እናትንም ልጅንም ይጎዳል። በሩ ከተከፈተ በኋላ ለመጀመሪያ ልጅ እስከ ሦስት ሰዓት፣ ለቀጣዮቹ እስከ ሁለት ሰዓት መውሰዱ የተለመደ ነው። ጭንቅላቱ ወርዶ እሷ ከደከመች ወይም የልጁ ልብ ካሳሰበ በቫኪዩም ይታገዛል፤ ኩባያ መሰል ነገር ጭንቅላቱ ላይ ተደርጎ እሷ ስትገፋ ባለሙያው ይስባል። አናቱ ላይ የሚቀረው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይጠፋል።

በመጨረሻ ኦፕራሲዮን አለ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ቃል ሲሰማ ይርበደበዳል፤ «ትንሽ እንጠብቅ»፣ «ባሏ ይምጣና ይወስን» እየተባለ የማይመለስ ሰዓት ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣው በወገብ ይሰጣል፣ እናትየዋ ነቅታ ትቆያለች፣ የልጇን ለቅሶም ትሰማለች። እንደማንኛውም ቀዶ ሕክምና የደም መፍሰስና የኢንፌክሽን ሥጋት አለው፤ ያለ ምክንያት አይደረግም። ምጡ በታገደ ጊዜ ግን መዘግየት ከቢላው ይልቅ ይጎዳል። ልጁ ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ለቀናት ሲቆይ በጭንቅላቱና በአጥንቱ መካከል የተጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፣ ሽንት ወይም ሰገራ የሚያፈስ ቀዳዳም ይከፈታል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት እንዲህ የተጎዱ ሴቶችን አይተው ነው። ሆስፒታሉና ቅርንጫፎቹ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶችን አክመዋል። ይህን ሁሉ መከራ በጊዜው የደረሰ እርዳታ ሊያስቀረው ይችል ነበር። ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ የከፈቱትም ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ለመቅደም ነበር።

ስለዚህ የወሊድ እቅድ «ካልሆነስ?» የሚለውንም ካልያዘ ግማሽ ነው። በነፍሰ ጡር ክትትል ጊዜ ስለ ወሊድ ዝግጅት ሲወራ ትኩረቱ ጨርቅና ገንፎ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ መሆን አለበት። ጤና ጣቢያ በቫኪዩም ሊያግዝ ይችላል፤ ኦፕራሲዮንና ደም ያለው ሆስፒታል ነው። ሪፈር ብትባል የትኛው ሆስፒታል ነው? በሌሊት አምቡላንስ ባይመጣ በማን መኪና ትሄዳለች? አስፋልት የሌለበት ሰፈር ከሆነ ቃሬዛውን እነማን ይሸከማሉ? ደም የሚለግሱ ሁለት ሦስት ሰዎች ተነግሯቸዋል? ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን ይይዛል? ከሁሉም በላይ ደግሞ እሺ የምትለው እሷ ራሷ መሆኗን ባልም አማትም ቀድመው ይወቁ፤ ፊርማ ፍለጋ ሰው ከገጠር አይጠበቅም። ቤታቸው የራቀ እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ካለ መጠየቅ ይገባል። በጉራጌው አጣጥ ሆስፒታል ይህ አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎችም አለ።

በአሜሪካ የሚኖሩ እናቶች እቅዱን በወረቀት ጽፈው ለሆስፒታሉ መስጠታቸው የተለመደ ነው። ከእነሱ መካከል እንግሊዝኛ የማይቀናቸው «ካልሆነስ?» ብለው ሊጨምሩበት የሚገባው አንዱ ነገር አስተርጓሚ ነው። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለ ኦፕራሲዮን ሲነገራት የደነገጠ ባል ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ሊያስተረጉምላት አይገባም።

ከወሊድ በኋላ ጉዳዩ አያልቅም። ረጅም ሰዓት የሠራ ማህፀን ደክሞ በቶሎ ላይሰበሰብ ይችላል፤ በዚህም ብዙ ደም ሊፈስ ይችላልና የመጀመሪያው ቀን ጥብቅ ክትትል ይፈልጋል። ፎጣ ቶሎ ቶሎ በደም የሚርስ ከሆነ፣ ራስ ካዞራት፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳታውቀው ከፈሰሰ ወዲያውኑ ትናገር፤ «የአራስ ነው» ተብሎ አይታለፍ።

የማይታየውም ጉዳት እንዲሁ ነው። ከብዙ ሰዓት ምጥ በኋላ በኦፕራሲዮን የወለደችን ሴት «አልቻለችም» የሚላት ዘመድ ምን እንደሚያደርስባት አያውቅም። እሷ ሁለቱንም ቀምሳለች፤ ምጡንም ቢላውንም። «ልጁ ደህና ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ማለትም አፏን ያስይዛታል እንጂ አያጽናናትም። ልጇን እየወደደች በዚያ ሌሊት ስለሆነባት ነገር ልታለቅስ ትችላለች። እንቅልፍ ከነሳት፣ የማዋለጃ ክፍሉ እየታያት ከተሸበረች፣ ከልጁ ጋር መሆን ከከበዳት ወይም ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ለጤና ባለሙያ ይነገር፤ ሕክምና አለው።

በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ሐኪሙን ትጠይቅ፦ ምጡ ለምን ቆመ? ማህፀኔ የተከፈተው በአግድም ነው በቁም? ቀጣዩን በምጥ መውለድ እችላለሁ? አንዴ በኦፕራሲዮን የወለዱ ብዙ ሴቶች ቀጣዩን በምጥ መውለድ ይችላሉ፤ መልሱ ግን በምክንያቱና በጠባሳው ዓይነት ይወሰናል። የሚቀጥለው ልጅ ግን ቤት ውስጥ ወይም ቀዶ ሕክምና በሌለበት ጤና ጣቢያ አይወለድም። መልሱ በመውጫ ወረቀቷ ላይ እንዲጻፍላት ታድርግ፤ እንደገና ስታረግዝም በመጀመሪያው የክትትል ቀን ወረቀቱን ይዛ ትቅረብ።