ማተብ ከጥምቀት በፊት

በገበያ ቀን በዲላ ከተማ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ቢመለከቱ፣ የአንዱ አንገት ማተብ ታስሮበታል፤ ሌላው የወንጌላውያን ማኅበር አባል ስለ ሆነ አንገቱ ባዶ ነው፤ ሦስተኛው እስላም ነው። በእንዲህ ያለ አገር ክሩ ከሰውየው አፍ ቀድሞ ይናገራል። እንግዲህ በአባቶቹ ልማድ ያደገ አንድ ጎልማሳ የኦርቶዶክስን ሃይማኖት በመማር ላይ ሳለ፣ ገና ሳይጠመቅ ማተብ አስሮ ወደ መሥሪያ ቤቱ ቢገባ፣ ጓደኞቹ «ማን አሰረልህ?» ብለው ቢወቅሱት ተገቢ ይሆናልን?

ማተብ የሚለው ቃል «ማዕተብ» ከሚለው ግዕዝ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ምልክት፣ ማኅተም ማለት ነው። ትውፊት ጅማሬውን በ6ኛው መቶ ዓመት ለነበረው ለሶርያዊው ጳጳስ ለያዕቆብ አልበረዲ ይሰጠዋል። በእኛ ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ በአንገታቸው ይታሰራል። ስለዚህም የታመነውን ሰው «ማተብ ያለው»፣ ከሃዲውን «ማተቡን የበጠሰ» እንላለን። ሳይጠመቅ ያሰረ ሰው እንግዲህ ያልተሰጠውን ማኅተም በገዛ እጁ የመታ ይመስላል፤ ያለ ሥልጣን ማኅተም መምታት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሰው አይስተውም።

ለጌዴኦ ሽማግሌም ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። «ባሌ» በሚባለው ሥርዓታቸው አባ ገዳው ሥልጣኑን የሚያስረክበው በየ8 ዓመቱ ነው፤ ተራው ሳይደርስ በማዕረጉ የሚቀመጥ የለም።

ሆኖም የተቃራኒውን መንገድ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በትምህርት ቤቶቻችን ካስተማሩት ህንዳውያን መካከል ጥምጥም የሚጠመጥሙትን ሲኮች የሚያስታውሱ አንባብያን አይጠፉም። ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1699 በአናንድፑር ኻልሳ የተባለውን ማኅበር ሲመሠርት፣ አባላቱ የሚታወቁባቸው ምልክቶች አምስት ሆኑ፤ እነርሱም ያልተቆረጠ ጠጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ አጭር የውስጥ ሱሪና ጩቤ ናቸው። ወደ ማኅበሩ የሚገባው በሁለት ወገን በተሳለ ሰይፍ የተማሰለ የስኳር ውኃ ጠጥቶ ቃል በመግባት ነው። ደንባቸው ግን ማስተዋል ያልጀመረ ሕፃን ለዚህ ኪዳን እንዲቀርብ አይፈቅድም፤ የሚቀርበውም አምስቱን ምልክቶች አስቀድሞ ይዞ መምጣት አለበት። ስለዚህ ወላጆች የልጃቸውን ጠጉር ሳይቆርጡ ያሳድጋሉ፤ አምባሩንም ገና በልጅነቱ ያጠልቁለታል። ቃሉን ከሰጠ በኋላ ጠጉሩን ቢቆርጥ ወይም ትምባሆ ቢያጨስ ግን ኪዳኑን አፍርሷልና ሥርዓቱን እንደገና መፈጸም ይኖርበታል። ለእነርሱ ምልክቱ መለማመጃ ነው፤ ዕዳው የሚጀምረው ከቃሉ ነው።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን በመማር ላይ ላለው ሰው ስም ነፍጋው አታውቅም፤ ንኡሰ ክርስቲያን ትለዋለች። በቅዳሴ ሰዓት ንባቡን ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ዲያቆኑ እንዲወጣ ያዝዘዋል። በሲኖዶስ መጽሐፍ የመማሪያው ዘመን 3 ዓመት ተብሎ ተወስኗል፤ ትጉህ ለሆነው ግን የሚመዘነው ጠባዩ እንጂ ዘመኑ አይደለም። ማተቡ በሥርዓት የሚሰጠው ከጥምቀቱ ጋር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በፍቅር ያሰረውን ሰው ከአስመሳይ ጋር መቁጠር በእኔ አስተያየት ግፍ ነው። አስመሳይ የምንለው ለጋብቻ ወይም ለሹመት ብሎ የተጠመቀ መስሎ የሚታየውን ነው፤ ሲጠይቁት «ገና በመማር ላይ ነኝ» የሚለውን አይደለም። ደግሞስ ደቡቡ ወደ ምኒልክ መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ ሕዝቡ በጅምላ ሲጠመቅ፣ ብዙው ሰው ማተቡን ያሰረው ትምህርቱን ሳይሰማ አልነበረምን? ለዚያ ዘመን ዝም ብለን የዛሬውን ተማሪ ብንወቅስ ሚዛናችን ያጋደለ ይሆናል።

የጥምቀቱ ቀን ሲደርስ ተጠማቂው ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሃይማኖቱን ይመሰክራል። በአርባ ቀኑ ሕፃን ፈንታ ይህን የሚናገረው የክርስትና አባቱ ነው። የዲላው ጎልማሳ ግን በገዛ አፉ ይናገረዋል።